አልከፈት ያለው መስኮት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በእኛ ሕንጻ ላምም የለ፣ በረትም የለ። ያለው ቤት በቤት ላይ፣ በር ከበር ጎን ነው። እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «የታፈነ ቤት» በሉኝና ልጀምር።

አንድ ባለ አራት ፎቅ የጋራ ሕንጻ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሽ ላቀው የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ከባለቤታቸው ከእትዬ አልጋነሽ ጋር ይኖሩ ነበር። ጋሽ ላቀው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር የተጣሉት በአንድ ነገር ነው፤ በመስኮት። አንዱ መስኮት ትንሽ ገርበብ ካለ ከኋላ «ኧረ ሹፌር፣ ብርድ ፈጀን! አስዘጋልን!» የሚል አይጠፋም። መቼም የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ጅብ ቢመጣበት በዱላ ይገጥመዋል፤ በስንጥቅ የገባ ነፋስ ሲያይ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ይሸሻል። ጋሽ ላቀው የተሳፋሪውን መስኮት ያስዘጉና የራሳቸውን ከፍተው፣ ግራ ክርናቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ይነዱ ነበር። ግራ ክንዳቸው ከቀኙ የጠቆረው ለዚህ ነው።

አሁን አርጅተዋል። ሳንባቸውም ታሟል። ሌሊት እትዬ አልጋነሽ አፍንጫቸው ሥር እጃቸውን እያስጠጉ ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ። መድኃኒቱ እየተዋጠ ነው፤ ሐኪሙ ግን ከመድኃኒቱ በላይ አየር ያስፈልጋቸዋል ብሏል፤ እዚያው ቤት ታፍነው ከሰነበቱ ክረምቱን አያልፉም ብሎ ለእትዬ አልጋነሽ ለብቻቸው ነግሯቸዋል። ጋሽ ላቀውም ማር አላሉ፣ ጠጅ አላሉ።

«ትንሽ አየር፣ አልጋዬ» አሉ። «ክርኔን አውጥቼ እንደ ድሮዬ አንዴ ልተንፍስ።»

ምኞታቸው ይህችው ነበረች።

በዚያው ሰሞን ማኅሌት የምትባል ባለሙያ ወደ ሕንጻው መጣች። ሥራዋ ብዙ ሰው የሚኖርባቸውን ሕንጻዎች አየር መመርመር ነው፤ አየሩ ይመላለሳል ወይ፣ ጭሱ ይወጣል ወይ፣ ማጣሪያው ይሠራል ወይ ብላ ታያለች። መዳፍ የምታክል መሣሪያ አውጥታ ከጋሽ ላቀው አልጋ አጠገብ አስቀመጠች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ያለው አየር ደጋግሞ የተተነፈሰ ነው» አለች።

«የማን ትንፋሽ ነው ልጄ?»

«የሕንጻው ሰው ሁሉ ነዋ።»

ጋሽ ላቀው ከአልጋቸው ሆነው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። «አንድ ቀን ምሳ ሳይጋብዙኝ ትንፋሻቸውን ሲያጎርሱኝ ከርመዋል በይኛ!»

ማኅሌት ከእትዬ አልጋነሽ እንዝርት ላይ አንድ ክር ለመነች። ክሩን መስኮቱ ጫፍ ላይ አንጠለጠለችው። «ይህ ክር ሲወዛወዝ ቤቱ ይተነፍሳል። ካልተወዛወዘ አይተነፍስም» አለች። ሁለቱም ቆመው አዩት። ክሩ እንደ ተሰቀለ ቀረ።

እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የቤቱ መስኮት ያው አንድ ነው።

«መስኮት ሆይ፣ ተከፈት። ጋሽ ላቀው ትንፋሽ አጥተዋል።»

«አልከፈትም» አለ መስኮቱ። «ብከፈት ደጅ የቆመው ጭስ ይገባል። ታፍኖ መኖርና ታጥኖ መኖር፣ ምረጡ። ይልቅ ጭሱን አስወጡ።»

እውነቱን ነው። መስኮቱ የሚያየው ሰማይ አይደለም። ሕንጻው መሀል ከምድር እስከ ጣሪያ የሚደርስ ባዶ ቦታ አለ፤ ሠሪዎቹ አየር እንዲመላለስበት ያበጁት ነው፤ ነዋሪው «ጉሮሮው» ይለዋል። የሁሉም ቤት መስኮት ወደ ጉሮሮው ይከፈታል። ጉሮሮው ውስጥ ደግሞ ጭስ ቆሟል። እትዬ አልጋነሽ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉና ጭሱን ለመኑት።

«ጭስ ሆይ፣ ውጣ። መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ ጋሽ ላቀው ትንፋሽ አጥተው ተቀምጠዋል።»

«አልወጣም» አለ ጭሱ። «እዚህ መቆም ደስ ብሎኝ መሰላችሁ? እኔ ከታች ካለው ምግብ ቤት ነው የመጣሁት። በደንቡ በማጣሪያው አልፌ፣ ስቤን አራግፌ፣ ቀልዬ ወደ ላይ መሄድ ነበረብኝ። ማጣሪያው አላሳልፍ ቢለኝ በኩሽናው በር ሾልኬ፣ ከነስቤ ከብጄ እዚህ ቀረሁ። ማጣሪያውን ጠይቁ።»

እትዬ አልጋነሽ ደረጃውን ወረዱ፤ ማኅሌት ተከተለቻቸው። ምድር ቤት የአቶ ገዛኸኝ ምግብ ቤት አለ። ጥብሱ የታወቀ ነው፤ ሽታውን አልጋ ላይ የዋለ ሰውም ያውቀዋል። ከምድጃው በላይ ማጣሪያው ተገጥሟል፤ ድሮ ወንፊት ይመስል ነበር፤ አሁን ቀዳዳው አይታይም።

«ማጣሪያ ሆይ፣ አሳልፍ። ጭሱ አልወጣ ብሎ፣ መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ ጋሽ ላቀው ትንፋሽ አጥተው ተቀምጠዋል።»

«አላሳልፍም» አለ ማጣሪያው። «የስንት በግ ስብ በላዬ ረግቶ በምን አፌ ላሳልፍ?»

አቶ ገዛኸኝ ቢላዋቸውን እንደ ያዙ መጡ። ቀድሞም የተቆጡ ይመስሉ ነበር። «እትዬ አልጋነሽ፣ ሳላጥበው ቀርቼ መሰለዎት? ዛሬ አጥበዋለሁ፣ ነገ ያው ነው! ላይ የሚስብ ከሌለ ስቡ የት ይሂድ? ጉሮሮው አናቱ ላይ በቆርቆሮ ተከድኗል። እኔን ለቀቅ አድርጉና ቆርቆሮውን ጠይቁ። ለጋሽ ላቀው ግን ይቺን መረቅ ያዙላቸው።»

ማኅሌት ጣቷን ማጣሪያው ላይ አሳርፋ አየችው። አቶ ገዛኸኝ ግማሹን እውነት፣ ግማሹን ስንፍና መናገራቸው ገብቷታል።

ከምድር እስከ ጣሪያ መውጣት ለእትዬ አልጋነሽ ቀላል አይደለም። ፎቅ በደረሱ ቁጥር እያረፉ፣ መረቁን ለባላቸው አድርሰው፣ እንደገና ወጡ። በየፎቁ የሚያዩት አንድ ነው፤ የደረጃው መስኮት ተዘግቷል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር በወረቀት ተደፍኗል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው አይቶ ዘጋ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው። ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ቆርቆሮው በጉሮሮው አፍ ላይ ተጋድሞ አገኙት። ዳር ዳሩ በሽቦ ታስሯል።

«ቆርቆሮ ሆይ፣ ተነሣ። ማጣሪያው አላሳልፍ ብሎ፣ ጭሱ አልወጣ ብሎ፣ መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ ጋሽ ላቀው ትንፋሽ አጥተው ተቀምጠዋል።»

«አልነሣም» አለ ቆርቆሮው። «ዝናብም በረዶም ሲቀጠቅጠኝ የከረምኩት ወድጄ አይደለም፤ የታሰርኩ ነኝ። ያሳሰሩኝ አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ዘርፌ ናቸው። ልጃቸው ስትወልድ፣ ‹ለአራሷ ነፋስ እንዳይወርድባት› ብለው ለመኑ፤ ለአራስ ማን እንቢ ይላል? ሕንጻው ሁሉ እሺ አለ። እትዬ ዘርፌ ፍቱት ካሉ እነሣለሁ።»

እትዬ ዘርፌ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ በኋላ እንዳትፈርዱባቸው። የታመመ ያስታምማሉ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው ደርሰው፣ የመጨረሻውን ሰሐን አጥበው ይወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ አይችሉም፤ ነፋስ። በራቸው ሲንኳኳ ራሱ እንደ ነገሩ ገርበብ አድርገው እንግዳውን በጎን ያስገቡና ፈጥነው ይዘጋሉ። እትዬ አልጋነሽንና ማኅሌትንም እንዲሁ አስገቧቸው።

ቤቱ ጨልሟል። መስኮቱ በፕላስቲክ ተለብጦ፣ በፕላስቲኩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። አራሷ ምንትዋብ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታለች፤ ጨቅላው አጠገቧ ነው። ከአልጋው ግርጌ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ፍሙ ቀልቶ ያበራል።

«ዘርፍዬ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ እትዬ አልጋነሽ። ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ አወጡ። «ቆርቆሮውን አስፈቺልኝ። ቆርቆሮው አልነሣ ብሎ፣ ማጣሪያው አላሳልፍ ብሎ፣ ጭሱ አልወጣ ብሎ፣ መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ ላቀው ትንፋሽ አጥቶ ተቀምጧል። ይሞትብኛል፣ ዘርፍዬ።»

«አላስፈታም» አሉ እትዬ ዘርፌ። «የላቀውን ሕመም እኔም አለቅስለታለሁ። ነፋስ ግን በልጄ ላይ አላወርድም።»

ማኅሌት መሣሪያዋን አወጣች። ገና ከማውጣቷ መሣሪያው ይጮህ ጀመር። «እማማ፣ ከሰሉ ይውጣ! አሁኑኑ! መስኮቱም ይከፈት። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ግን...»

እትዬ ዘርፌ በምድጃውና በእሷ መሀል ቆሙ። «ያልተነካ ግልግል ያውቃል! አንቺ ልጅ፣ ልጅ ቀብረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ቀብሬያለሁ። ውቤን ብርድ ገደለብኝ። ብርድ! በክረምት ነው፣ ሳል ይዞት ነበር። የሚቻለኝን አድርጌያለሁ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ የበሩን ሥር በጋቢዬ ወተፍኩ፣ ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቡ አኖርኩለት። አቅፌው ተኛሁ። ሲነጋ እኔን ራሴን ፈልጦኝ፣ አቅሉን እንደ ሳተ ሰው ሆኜ ነቃሁ። እሱ አልነቃም። ፊቱ ቀልቶ የተኛ ነበር የሚመስለው። ሰው ሁሉ ‹ብርድ መታው› አለ። በየት ቀዳዳ እንደ ገባ ግን አላወቅሁም። ይኸው ያንን ቀዳዳ እስከ ዛሬ ስደፍን እኖራለሁ።»

ማኅሌት ወደ ፍሙ ተመለከተች። እትዬ አልጋነሽም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሁለቱም ገብቷቸዋል። እናንተም ገብቷችኋል። ግን ይህን ለእናት በየትኛው አፍ ይናገሩታል?

እትዬ አልጋነሽ የሚለምኑት ቢያጡ የእትዬ ዘርፌን ሐዘን ለመኑት። ድምፅ አላወጡም፤ በልባቸው ነው።

«ሐዘን ሆይ፣ ልቀቃት። ዘርፌ አላስፈታ ብላ፣ ቆርቆሮው አልነሣ ብሎ፣ ማጣሪያው አላሳልፍ ብሎ፣ ጭሱ አልወጣ ብሎ፣ መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ ላቀው ትንፋሽ አጥቶ ተቀምጧል።»

«አልለቅም» አለ ሐዘኑ። «እኔ የምኖረው በተዘጋ ቤት ነው።»

ያን ጊዜ ማኅሌት እትዬ ዘርፌን በጎን አለፈችና ምድጃውን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ በሩ ሮጠች። እትዬ ዘርፌ ሊይዟት ዘወር ሲሉ መጋረጃው በትከሻቸው ተገፈፈ።

ምንትዋብ ዓይኗን ለመግለጥ ታገለች። «እማዬ፣ ራሴን... ፈለጠኝ» አለች። ጨቅላውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ሳይደርስ ወደቀ።

እትዬ ዘርፌ ጨቅላውን አዩት። አልነቃም። ፊቱ ቀልቷል። የተኛ ይመስላል።

ያንን ፊት ያውቁታል። ስንት ዘመን ሙሉ በሕልማቸው ያዩት ፊት ነው። እዚያው ባሉበት ቆመው ሁሉን ነገር አወቁ፤ ማንም አልነገራቸውም። «ውቤ!» ብለው ጮኹና ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ ጎትተው ጣሉ፣ ፕላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱ፣ መስኮቱን በርግደው ከፈቱ። በሩንም ከፈቱ። ጨቅላውን አንሥተው በደረጃው ወደ ጣሪያ ሮጡ፤ እትዬ አልጋነሽና ማኅሌት ምንትዋብን ደግፈው ተከተሏቸው። እዚያ፣ ነፋሱ መሀል፣ የሚፈሩት ነፋስ መሀል፣ ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቆ፣ ጨቅላውን ወደ ሰማይ አቅንተው ያዙት።

ጨቅላው ዝም አለ። ዝም አለ። ከዚያ አፉን ከፈተና አለቀሰ።

ምንትዋብ ልጇን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ማኅሌት ሐኪም ልትጠራ ስልኳን አወጣች። እትዬ ዘርፌ ግን ቆርቆሮው አጠገብ ተንበርክከው ሽቦውን በባዶ እጃቸው ይፈቱ ነበር። ጣታቸው ደማ። እትዬ አልጋነሽ ሊያግዟቸው ጎንበስ ሲሉ፣ «ተዪኝ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሏቸው።

እንግዲህ እዩት። ሐዘኑ ዘርፌን አስነሣ። ዘርፌ ቆርቆሮውን አነሡ። ቆርቆሮው ሲነሣ ጉሮሮው ወደ ላይ ሳበ። ጉሮሮው ሲስብ አቶ ገዛኸኝ ምክንያት አጡ፤ ማጣሪያውን አውርደው በፈላ ውኃና በሳሙና አጠቡ። ማጣሪያው ሲታጠብ አሳለፈ። ማጣሪያው ሲያሳልፍ ጭሱ ስቡን አራግፎ ወጣ። ጭሱ ሲወጣ መስኮቱ ተከፈተ። መስኮቱ ሲከፈት ክሩ ተወዛወዘ። ጋሽ ላቀውም ግራ ክርናቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ተነፈሱ።

«እህ!» አሉ። «የጣርማ በርን አቀበት ወጥቼ ጫፍ የደረስኩ መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ሰንሰለት ሲበጠስ ጫፉ አንድ ሰው ይመታል።

ሐኪሙ አራሷንና ጨቅላውን አይቶ «በሰዓቱ ደርሳችኋል» ብሎ ከሄደ በኋላ፣ ከአራተኛ ፎቅ ለቅሶ ተሰማ። ጉሮሮው ተከፍቷል፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ ስለዚህ ለቅሶው በየቤቱ ገባ። ሰዉ ጨቅላው የሞተ መስሎት ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ጨቅላው እየጠባ ነው። የሚለቀስለት ልጅ፣ ከጎረቤቶቹ ግማሹ ሳይወለድ በፊት የተቀበረ ነው።

«እግዜር ያጥናሽ» ይባላል እንዴ፣ ድሮ ለተባለለት ልጅ? ከመሀላቸው ያኔ «ብርድ መታው» ያሉ ነበሩ። እነሱ ከደጃፉ አላለፉም።

ጋሽ ላቀው የሆነውን ሁሉ ከባለቤታቸው ሰምተው ልብሳቸውን ለበሱ። እትዬ አልጋነሽ «የት ልትሄድ ነው?» ቢሏቸው፣ «ለቅሶ» አሉ። በየደረጃው በተከፈተው መስኮት ሥር እያረፉ፣ አየር እየሳቡ ወጡ። እትዬ ዘርፌ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ጋሽ ላቀው፣ ብርዱ አልነበረም?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ጋሽ ላቀው ሊዋሹ አሰቡ። ውሸቱ አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር።

«አልነበረም» አሉ።

«ታዲያ እኔ ነኝ።»

«ስሚኝ ዘርፌ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ እናቶች ከኋላዬ ‹ለሕፃኑ ስትል ዝጋ› ሲሉኝ ዘግቻለሁ። እንደሚታፈኑ እያወቅሁ፣ ጭቅጭቅ ጠልቼ። አንቺ ግን አታውቂም ነበር። የነገረሽም አልነበረም። ልጅሽን አቅፈሽ ነው የዘጋሽው።»

እትዬ ዘርፌ አለቀሱ። ያን ጊዜ ብርዱን እየረገሙ ያለቀሱትን ለቅሶ አሁን ራሳቸውን እየረገሙ አለቀሱት፤ ይኼኛው ከዚያኛው ይከብዳል፤ የሚረገም ሌላ የለውም። ጋሽ ላቀው ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስኪመሽ አብረዋቸው ተቀመጡ።

ሲመሽ ብርዱ መጣ፤ እውነተኛው ብርድ። መጋረጃው ተነፋ። እትዬ ዘርፌ ከልምድ የተነሣ ብድግ አሉና እጃቸው ወደ መስኮቱ ሄደ። መያዣውን ጨበጡት። ከዚያ ለቀቁት። በሩን ይወትፉበት የነበረውን ጋቢ ከወለሉ ላይ አንሥተው አራገፉትና በጋሽ ላቀው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላቸው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ። ስትወጡ ብቻ መስኮቱን ገርበብ አድርጉልኝ።